ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ድንጋይ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የምትወጣው የመጀመሪያዋ ሚኒባስ ገና ሰው ሳይሞላባት እማማ ሰርካዲስ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ የልጅ ልጃቸው ሰላም በጋቢ ተጠቅልላ አፍንጫዋ ብቻ ይታያል። ኮምቦልቻ ጋቢ የሚያስፈልጋት ከተማ አይደለችም፤ እማማ ሰርካዲስ ግን የሚያስቡት ስለ ደሴ ነበር። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ተንከባሎ ሲወርድ የደሴ ንጋት አጥንት ድረስ እንደሚገባ እርሳቸው ያውቃሉ።

«አያቴ፣ አላበኝ» አለች ሰላም ከጋቢው ውስጥ።

«ይላብሽ። ዝም ብለሽ ተጠቅለይ።»

ሰላም የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ካቻምና ጉሮሮዋን አሟት፣ ያልፋል ተብሎ ማርና ፌጦ ስትልስ ከረመች። ቀጥሎ ጉልበቷ አበጠ። ሐኪም ዘንድ ስትወሰድ ሕመሙ ልቧ ጋ መድረሱን ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ መርፌ ትወጋለች። መርፌዋ ካልተቋረጠች ልጅቱ እንደ እኩዮቿ ሮጣ፣ ዘላ ታድጋለች፤ ከተቋረጠች ግን የልቧ ነገር አያስተማምንም። እናቷ ለሥራ ዐረብ አገር ነው ያለችው። ስልክ በደወለች ቁጥር ከሰላምታው በፊት የምትጠይቀው «መርፌዋን ተወጋች?» ብላ ነው። እማማ ሰርካዲስም ወሩን ሙሉ የሚሰነብቱት ለዚህች ጥያቄ «አዎ» ብለው ለመመለስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሚኒባሷ ልትነሳ ስትል አንዲት ሒጃብ የለበሰች ወጣት ሮጣ ገባችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እንደምን አደሩ፣ እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደርሽ፣ የኔ ልጅ? ጠጋ በይ፣ ጠጋ በይና በሩን ይዝጋው። ንፋስ ይገባል።»

«አላህ ይማራት። ቀጠሮ አላት?»

«አዎን፣ ደሴ ሐኪም ቤት።» እማማ ሰርካዲስ ከደረታቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለች የቀጠሮ ካርድ አወጡ። «እስቲ እይልኝ፣ ዓይኔ ለደቃቅ ጽሕፈት እምቢ ብሎኛል። ዛሬ ነው አይደል?»

ወጣቷ ካርዱን አየችና ቅንድቧን አነሳች። «ቀኑስ ዛሬ ነው። ሰዓቱ ግን ስምንት ሰዓት ይላል እኮ! ከምሳ በኋላ! አሁን ገና መንጋቱ ነው።»

«ሰዓቱንማ መቼ አጣሁት። የጠየቅሁሽ ቀኑን ነው።»

ወጣቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እኔ ቢልቂስ እባላለሁ። እዚያው ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። እዚህ ከእናቴ ጋር ስለምኖር ጠዋት ጠዋት በዚህች መኪና ነው የምወጣው። ምናልባት ይህችን ካርድ የጻፍሁት ራሴ ሳልሆን አልቀርም። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ይህችን ልጅ ይዘው የት ሊውሉ ነው?»

«በሩ ላይ ነዋ! ወረፋ ይዤ።»

«ወረፋው እኮ ቀርቷል፣ እናቴ። ከመስከረም ወዲህ ቀኑን ከፋፍለን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰዓት ሰጥተናል። በሰዓቱ ይመጣል፣ ይታከማል፣ ይሄዳል።»

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ» አሉ እማማ ሰርካዲስ ጋቢውን የሰላም አንገት ላይ እያጠበቁ። «እናንተ ውስጥ ሆናችሁ ትጽፋላችሁ። በር ላይ ያለው ግን የሚያስገባ የቀደመውን ነው። አምና አንድ ቀን ጎማ ፈንድቶ አርፍጄ ደረስሁ። ‹ካርድ አልቋል፣ ተመለሺ› አሉኝ። ማግስቱ ቅዳሜ፣ ከዚያ እሑድ፣ ሰኞ ደግሞ በዓል። ልጅቱ ጉልበቷ እንደገና አበጠና እንደ ሕፃን አዝዬ አመጣኋት። ያን ለት ለእናቷ በስልክ ምን እንዳልኋት እኔና እመቤቴ ነን የምናውቀው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይቀድመኝ ነው የምነሳ።»

ቢልቂስ ካርዱን መለሰችላቸው። ትምህርት ቤት ለተማረችው ነገር ሁሉ መልስ ነበራት፤ የአንዲት አያት ፍርሃት ግን በቂ ምክንያት ሲኖረው «አይስጉ» ብሎ ማለፍ እንደማይቻል ያን ጊዜ ገባት።

ከኋላ ወንበር የጎረነነ ሳቅ ተሰማ። «ወላሂ እውነቷን ነው!» የሚናገሩት አያ ኑርሁሴን ነበሩ፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለችው የደጋን ገበሬ ናቸው፣ የስኳር ሕመም ክትትል ስላላቸው ትናንት መጥተው ኮምቦልቻ እህታቸው ቤት አድረዋል። «የእኔ ድንጋይ ከትናንት ጀምራ ወረፋ ይዛለች። የወንድሜ ልጅ ደሴ ነው የሚኖር፣ እሱ አስቀመጠልኝ። እሷ ስኳር የለባት፣ ብርድ አይነካት፣ ከእኔ የተሻለች በሽተኛ ናት።»

ተሳፋሪው ሳቀ።

«ለእርስዎ ስንት ሰዓት ተሰጠዎት?» አለች ቢልቂስ ዞር ብላ።

«ለእኔማ ጠዋት ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሳልበላ ደሜ እንዲታይ።»

«ታዲያ የራስዎ ሰዓት እያለዎት ድንጋይ ምን ያደርግልዎታል?»

«ምን ላድርግ፣ ልጄ? ሰው ሁሉ ድንጋዩን ደርድሮ እኔ ብቻዬን ሰዓት ይዤ ልቁም?»

«ይኸው!» አሉ እማማ ሰርካዲስ፣ ዳኛ እንደፈረደላቸው ሁሉ።

የድንጋዩን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። በሆስፒታሉ አጥር ሥር፣ ከበሩ ጀምሮ፣ ድንጋዮች ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ድንጋይ የአንድ ሰው ተራ ነው። አንዱ ክር ያስርበታል፣ አንዱ በከሰል ምልክት ያደርግበታል፤ ባለቤቱ ጥግ ፈልጎ ሲቀመጥ ድንጋዩ ቆሞ ይጠብቅለታል። የሰው ድንጋይ የሚያነሳ የለም፤ ነውር ነው። ሰዉ ያለ ማንም አዛዥ በራሱ ያቋቋመው ሥርዓት ስለሆነ እማማ ሰርካዲስ ይኮሩበት ነበር። የእርሳቸው ድንጋይ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ወገቧ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ናት። በሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ወዳጃቸው ከቀጠሮው ዋዜማ ጀምራ ታስቀምጥላቸዋለች።

ያን ለት ደርሰው ሲያዩ ድንጋይቱ ከፊት ካሉት ጋር ነበረች። «ተመስገን» አሉና ሰላምን አቅፈው ከግንቡ ሥር ተቀመጡ። ሰዉ በጉሙ ውስጥ ተጠጋግቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ይሞቃል። በግራ በኩል አንድ ጎልማሳ ያስላል። በቀኝ በኩል አንዲት እናት የሕፃኗን አፍንጫ ትጠርጋለች። ያ ሁሉ ሰው የተሰጠው ሰዓት የተለያየ ነው፤ አንዱ የአራት፣ አንዱ የአምስት፣ አንዱ እንደ እማማ ሰርካዲስ የስምንት ሰዓት። ነገር ግን አንዱ ሌላውን ፈርቶ ሁሉም በንጋት መጥቷል።

ቢልቂስ ነጭ ጋወኗን ለብሳ ከበሩ ብቅ አለች። «የሁለት ሰዓት ተኩል ባለቀጠሮዎች! ሳትበሉ የመጣችሁ! ወደዚህ ኑ!»

«በድንጋይ ነው!» አለ አንዱ።

«እኔ ነኝ የቀደምሁ! ልጅቷ የምን ሰዓት ነው የምታወራው?»

«አንተ የስንት ሰዓት ነህ?» አለችው።

«የአምስት። ግን ድንጋዬ የመጀመሪያ ናት!»

መገፋፋት ሆነ። በዚያ ግርግር መካከል እማማ ሰርካዲስ ዓይናቸው አያ ኑርሁሴን ላይ አረፈ። ሰውዬው ሚኒባስ ውስጥ ሲያስቁ የነበሩት ሰው አይመስሉም። በዚያ ብርድ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል፣ ከዘራቸው በእጃቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

«ኧረ ይሄ ሰው ምን ሆነ? ቢልቂስ! ኧረ ልጄ፣ ያዢው!»

ቢልቂስ ከወዲያ ሰዉን እየገፋች ደረሰች። «መድኃኒትዎን ወስደው ነው ሳይበሉ የቆዩት?» አያ ኑርሁሴን ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «አሳልፉን! ስኳራቸው ወርዶ ነው!» አለች።

«ተራችን...» ሊል የጀመረ ሰው ነበር።

«ተራህ ይግደልህ!» አሉ እማማ ሰርካዲስ፣ ከዚህ በፊት ሰው ፊት እንዲህ ጮኸው አያውቁም። ሰውየው ወደ ኋላ አለ፣ ሕዝቡም መንገድ ለቀቀ። ሻይ ሻጯ ስኳር የበዛበት ሻይ ይዛ ሮጠች። አያ ኑርሁሴን ተደግፈው ሲገቡ እማማ ሰርካዲስ ወደ ምድር አዩ። ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ድንጋይ ከአያ ኑርሁሴን ድንጋይ ፊት ተቀምጣለች። የስምንት ሰዓቷ ድንጋይ የሁለት ሰዓት ተኩሉን ሰው መንገድ ዘግታ ቁጭ ብላለች። አቀረቀሩ።

ሰላም መርፌዋን የተወጋችው፣ ያ ሁሉ ንጋት ቢጠበቅም፣ ያው ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ሐኪሙ ከመወጋቷ በፊት አፏን አስከፍቶ አየ።

«ጉሮሮዋ ቀላ ብሏል፣ እማማ። ሰሞኑን የሚያስል ሰው አጠገብ ነበረች?»

«እኔ? እኔ ማንን አስጠግቼባት! ጉንፋን የያዘው ጎረቤት ደጄን አይረግጥም! ብርዱ ነው፣ ዶክተር። የዚህ አገር ብርድ።»

«ብርዱ አይደለም» አለ ሐኪሙ በትሕትና። «ልቧን የጎዳው የጉሮሮ ሕመም ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ ነው። ሰው ተፋፍጎ በሚውልበት ቦታ ይዛመታል። መርፌዋ ትጠብቃታለች፣ አይደንግጡ። ቢሆንም ከሚያስል ሰው መካከል ባትውል ይሻላታል።»

እማማ ሰርካዲስ ከሰላም ጋር ከክፍሉ ወጥተው ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። በጆሯቸው የሚያቃጭለው የዚያ የጎልማሳው ሳል ነበር። በየወሩ፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ልጅቱን የሚያመጧት ወደ ማን መካከል ነው? የሰው ልጅ ለሚወደው ሲል የሚሠራው ነገር ሁሉ ይጠቅማል ብሎ ያምናል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ያን ፍቅር ሰዓትና ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል።

ቢልቂስ ስታልፍ አየቻቸውና ቆመች። «አብሽሩ፣ እናቴ። አያ ኑርሁሴን ደኅና ናቸው፣ ቁርሳቸውን በልተው ነርሶቹን እያሳቁ ነው። ሰላምስ?»

«ነይ፣ ተቀመጪ» አሉ እማማ ሰርካዲስ። «እሺ፣ አመንሁሽ እንበል። መኪናው ቢበላሽስ?»

«ካርዱ ጀርባ ላይ ስልክ አለ፣ ይደውሉ። ካረፈዱም ከሚቀጥሉት ጋር ይገባሉ እንጂ ወደ ቤት የሚመልስዎ የለም።»

«ስልክ የሌለውስ? ከቦሩ ሜዳ ማዶ ከገጠር በእግሩ የሚመጣው?»

«ለእሱ፣ ድንገት ታሞ ለሚመጣውም፣ በየሰዓቱ ክፍት የምንተወው ቦታ አለ። ቀኑን እስከ አፍንጫው አንሞላውም።»

«ያን ክፍት ቦታ ለዘመዶቻችሁ ብትሰጡትስ?»

ቢልቂስ ሳቀች። «ካዩኝ ለሰው ሁሉ ይንገሩብኝ።»

«እነግርብሻለሁ! አልተውሽም!» ፈገግ አሉ፣ ወዲያው ግን ፊታቸው ኮስተር አለ። «አሁን ደግሞ እኔ ልንገርሽ። ሰዓት ስትሰጡ አንድ ቀን ጠይቃችሁን ታውቃላችሁ? ያ ሰውዬ የደጋን ገበሬ ነው። ለጠዋት፣ ያውም ባዶ ሆድህን ና አላችሁት፤ ከቤቱ ወጥቶ ሰው ቤት አደረ። እዚሁ ደሴ የሚኖረውን ደግሞ ለከሰዓት ቀጠራችሁ። ይሄ እንዴት ያለ ማደል ነው? አንዱ ጁምዓ አለበት፣ አንዷ ሰኞ ገበያዋ ነው፣ የአንዷን ልጅ የሚጠብቅላት የለም። ሰዓት ስትጥሉብን ሰዓቱ የእናንተ ነው። ጠይቃችሁ ብትሰጡን ግን የእኛ ይሆናል፤ የራሱን ነገር ደግሞ ሰው ያከብራል።»

የተማረ ሰው ሥራውን በደንብ ሠርቻለሁ ብሎ ሲያስብ እንዲህ ያለ ጉድለት ሲነገረው ይከብደዋል፤ ቢልቂስ ግን ኩራቷን ዋጥ አደረገች።

«እውነት ነው» አለች። «‹ከየት ነው የሚመጡት?› ብለን አልጠየቅንም። ባዶ ሆዳቸውን የሚመጡትም ሩቅ ከሆኑ ደማቸውን እዚያው በአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ አሳይተው፣ ቁርሳቸውን በልተው ውጤቱን ይዘው መምጣት ይችላሉ። ለኃላፊያችን ዛሬውኑ እነግራታለሁ። አሁን ልጠይቅዎ፣ እናቴ፦ ለሰላም የሚመች ሰዓት የትኛው ነው?»

እማማ ሰርካዲስ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰላም ቀደመቻቸው። «ከትምህርት ቤት በኋላ! መምህሬ በየወሩ ‹ሰላም ዛሬም የለችም?› ትላለች። በሚቀጥለው ወር ደግሞ በቀጠሮዬ ቀን የሒሳብ ፈተና አለን።»

«ታዲያ ያው ስምንት ሰዓት ይመቻታል» አለች ቢልቂስ። «እርስዎ ግን አንድ ቃል ይግቡልኝ። በሚቀጥለው ድንጋይቱ እንዳትቀመጥ። በንጋትም እንዳይመጡ።»

እማማ ሰርካዲስ ሰላምን ወደ ጎናቸው ሳቡ። «ብታልፈንስ?» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «መርፌዋ ብታልፈን ለእናቷ ምን እላታለሁ?»

«አታልፍዎትም። እኔ እዚህ ነኝ።»

«እሺ» አሉ። እሺታቸው ግን ከአንገት በላይ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። እማማ ሰርካዲስ እንደ ልማዳቸው ሳይነጋ ነቁ፤ ጋቢውን አነሱ፣ አስቀመጡ። ሰላም ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ስትሄድ የሚሠሩት ጠፋቸው። ግቢ ጠረጉ፣ የተጠረገውን ደግመው ጠረጉ። ጎረቤታቸው ሸሪፋ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ሰርካዲስ! ምነው ዛሬ? ቀጠሮው ቀረ?»

«ስምንት ሰዓት ነው።»

«ስምንት ሰዓትማ ሁልጊዜም ስምንት ሰዓት ነው! አንቺ መቼ በስምንት ሰዓት ሄደሽ ታውቂያለሽና?»

«ዛሬ ልሄድ ነው።»

«ያ ረቢ! መርፌዋን ብታሳልፊባት የሚወጋልሽ ማን አለ? በይ ከትምህርት ቤት አስወጪያትና ውጪ። አትሞኚ።»

ይህ ቃል እንደ እሾኽ ገባባቸው። ነጠላቸውን ጣል አድርገው ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄዱ። ዘበኛውን «ልጄን ጥራልኝ» ሊሉት አፋቸውን ከፍተው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አዩ። የሦስተኛ ክፍል በር ክፍት ነው። ሰላም እርሳሷን ነክሳ፣ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፤ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። በየወሩ በዚህ ሰዓት ይህች ወንበር ባዶ እንደነበረች ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። አፋቸውን ዘጉ፤ እዚያው ደጅ ተቀምጠው ደወሉ እስኪደወል ጠበቁ።

ከምሳ በኋላ ተሳፈሩ። ሚኒባሷ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት አጋምሳ ቆመች። ከፊት አንድ የጭነት መኪና ጠመዝማዛው ላይ ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቷል። እማማ ሰርካዲስ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አልሁ! አልሁ እኮ! ምነው ያን አንደበቴን በቆረጠው! ይኸው አለፈን!»

«አያቴ፣ ስልኩ» አለች ሰላም። «ካርዱ ጀርባ ላይ አለ።»

ካርዱንና ስልካቸውን ሰጧትና ሰላም ቁጥሩን መታችው። አንዲት ሴት አነሳች። እማማ ሰርካዲስ ስለ ጭነት መኪናው፣ ስለ ልጅቱ ልብ፣ ስለ አምናው በዓል፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፉት።

«ይረጋጉ፣ እማማ» አለች ሴትዮዋ። «ስሟን ይንገሩኝ ብቻ። ሰላም? አገኘኋት። መንገዱ ሲከፈት ይምጡ፤ ከሚቀጥሉት ጋር ትገባለች።»

ስልኩ ተዘጋ። እማማ ሰርካዲስ ከጆሯቸው ሳያወርዱ ቆዩ። አምና ያን ለት እንዲህ የሚላቸው አንድ ሰው እንኳ ቢያገኙ ኖሮ!

መንገዱ ተከፍቶ ደሴ ደረሱ። ከሆስፒታሉ በር ሲቃረቡ ግን እማማ ሰርካዲስ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰው የለም። አጥሩ ሥር የተደረደረ ድንጋይ የለም፣ የሚገፋፋ የለም፣ የሚጮህ የለም። ሻይ ሻጯ ብቻዋን ተቀምጣ ሽንብራ ትለቅማለች።

«ተዘግቷል!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። «ሰላምዬ፣ ሐኪም ቤቱ ተዘግቷል!»

ዘበኛው ጋሽ ኪዳኑ ሮጠው መጡ። «ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«ሰው የታለ? ምን መጣባችሁ?»

«ምን ይመጣብናል? አሁን ሰዉ የሚመቸውን ሰዓት ተጠይቆ ይቀጠራል፣ በሰዓቱም ታክሞ ይሄዳላ! ይግቡ እንጂ፣ ክፍት ነው።»

ገቡ። ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ሰዎች ተራርቀው ተቀምጠዋል። እማማ ሰርካዲስ ወንበሩን በነጠላቸው ጠርገው ሳይጨርሱ «ሰላም!» ተብሎ ተጠራ። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አየ። «ንጹሕ ነው» አለ። መርፌዋ ተወጋች። ሰላም አንዴ «ውይ!» አለችና አለቀ።

እማማ ሰርካዲስ ሲወጡ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር። የለመዱት ድካም የለም፣ የሚያማርሩት የለም። ቢልቂስ ከመዝገብ ክፍሉ መስኮት ሆና በዓይኗ ፈለገቻቸው፤ እርሳቸውም ሄደው ግንባሯን ሳሟት።

«ስልኩን ያነሳችው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። እኔ ሌላ ክፍል ነበርሁ።»

ይህን ሲሰሙ የበለጠ ደስ አላቸው። ቢልቂስ ባትኖርም ሥራው ይሠራል ማለት ነው። ቃሉ የአንዲት ደግ ልጅ ብቻ አልነበረም።

ወደ በሩ ሲያመሩ ሰላም እጃቸውን ጎተተቻቸው። «አያቴ፣ ድንጋይሽ!»

ጋሽ ኪዳኑ የወረፋ ድንጋዮቹን ሰብስበው በግቢው ባለው የአበባ መደብ ዙሪያ ደርድረዋቸዋል። ባለ ክሩ፣ ባለ ከሰሉ፣ ሁሉም አለ። ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ነጯ ድንጋይ ከአያ ኑርሁሴን ድንጋይ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ማንም ከማንም ሳይቀድም። እማማ ሰርካዲስ ጎንበስ አሉና ጨርቁን ፈቱት፤ ድንጋይቱን ግን አላነሷትም።

ስልካቸው ጠራ፤ ከዐረብ አገር ነው። «መርፌዋን ተወጋች?»

«ተወግታለች። ፈተናዋንም ተፈትናለች።»

«በአንድ ቀን?» አለች እናቷ። «እንዴት አድርገሽ?»

«ታሪኩ ረጅም ነው፣ ማታ ደውዪ» አሉ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። አንዲት ወጣት እናት ሕፃን አዝላ፣ በአቧራ የነጣ ጫማ ተጫምታ፣ በሩ ላይ ቆማ ግራና ቀኝ ታማትራለች። በእጇ ድንጋይ ይዛለች።

«እናቴ» አለቻቸው፣ «ከገራዶ ነው የመጣሁ። የድንጋዩ ወረፋ የቱ ጋ ነው?»

እማማ ሰርካዲስ ልጅቷን ከእግር እስከ ራስ አዩአት። ያዘለችውን ሕፃን አዩ፣ የደረቀ ከንፈሯን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ከእጇ ተቀበሉ።

«ወረፋው ቀርቷል፣ የኔ ልጅ። ዛሬ ላልተቀጠረ የተተወ ቦታ አለ፣ ያስገቡሻል። ለሚቀጥለው ደግሞ ሰዓት ይሰጡሻል። ሲሰጡሽ ዝም ብለሽ እንዳትቀበዪ! ከየት እንደምትመጪ ንገሪያቸው፣ ገበያሽን ንገሪያቸው፣ የሚመችሽን ሰዓት አስጽፊ። ከዚያ ቤትሽ እደሪ፣ ልጅሽን አብልተሽ ነይ። ከሚያስል ሰው መካከል አታሳድሪው። መንገድ ቢዘጋብሽ ደውዪ፣ ይጠብቁሻል። እኔን አይተሽ እመኚ፤ በዚህ አገር ከእኔ የበለጠ ተጠራጣሪ አልነበረም።»

«እውነት ይቀበሉኛል?»

«ነይ» አሉ እማማ ሰርካዲስ። በአንድ እጃቸው ሰላምን፣ በሌላው የእንግዳዋን ድንጋይ ይዘው ወደ ግቢው ተመለሱ። ድንጋዩን ከነጯ ድንጋይ አጠገብ አስቀመጡትና ሴትዮዋን እስከ መዝገብ ክፍሉ መስኮት ድረስ ሸኟት። ቢልቂስ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ እንግዳዋ ዞረችና እስክርቢቶዋን ከማንሳቷ በፊት ጠየቀች፦

«ከየት ነው የመጣሽው፣ እህቴ?»